ለአምስት ዓመት ልጆች እሳትን ማስተማር፦ ከየት እንጀምር? (ሐዋሳ)

መምህርት ዘሐዋሳ፦

ሰላም ለእናንተ ይሁን። ሐዋሳ ውስጥ በአንድ አፀደ ሕፃናት የኬጂ 2 መምህርት ነኝ። በክፍሌ 32 ልጆች አሉ፤ አብዛኞቹ አምስት ዓመት የሞላቸው ሲሆኑ ጥቂቶቹ ገና አራት ተኩል ናቸው። ከእኔ ሌላ አንዲት ረዳት አለች። ከአንድ ወር በላይ ከአእምሮዬ አልወጣ ያለ ነገር ስላለ፣ ጽሑፌ ትንሽ ቢረዝምም እንድታነቡልኝ እጠይቃለሁ።

መስከረም 17 ጠዋት፣ ደመራው በተለኮሰ ማግስት፣ ከተማሪዎቼ አንዱ ከታላቅ ወንድሙ ጋር የሰፈራቸው ደመራ ወደነደደበት ሜዳ ሄደ። ትልልቆች አመዱን በጣታቸው እየነኩ ግንባራቸው ላይ የመስቀል ምልክት ሲያደርጉ አይቶ ስለነበር፣ እሱም የራሱን ለመውሰድ ነጠላ ጫማ እንዳደረገ ወደ ክምሩ መሃል ገባ። ላዩ ነጭ አመድ ብቻ ነበር፤ ነበልባል የለውም፣ ጭስም አይታይበትም። ከሥሩ ግን ረመጥ ነበር። አንዱ ጫማው ወልቆ ቀረና የግራ ውስጥ እግሩ ተቃጠለ። ሦስት ሳምንት ከትምህርት ቀርቶ ሲመለስ እያነከሰ መጥቶ ወንበሩ ላይ ተቀመጠና፣ ማንም ሳይጠይቀው፣ «ቲቸር፣ እሳቱ እኮ ጠፍቶ ነበር» አለኝ።

በክፍላችን ግድግዳ ላይ «እሳት ያቃጥላል፤ አትንኩ» የሚል ሥዕል ተለጥፏል። የተሣለው ቀይና ቢጫ ነበልባል ነው። ልጁ የተነገረውን አልጣሰም። እኛ እሳት ብለን ካሳየነው ነገር ጋር የሚመሳሰል ምንም ነገር እዚያ ሜዳ ላይ አልነበረም፤ ስለዚህ ገባ። ሥዕሉን የለጠፍኩት እኔ ራሴ ስለሆንኩ ይህን ሳስብ እንቅልፍ ይነሳኛል።

ልጆቼ በየቤታቸው ቡና በሚፈላበት ማንደጃ አጠገብ ይቀመጣሉ፣ መብራት ሲጠፋ ሻማ ይበራላቸዋል፣ እጣን ሲጨስ ገሉን ያያሉ። «እሳትን ከሕፃናት እናርቅ» የሚለው ሐሳብ ለእነዚህ ልጆች እንዴት እንደሚሠራ አይገባኝም። እኔ የማስበው በግቢያችን ውስጥ፣ በሥርዓትና በጥንቃቄ፣ እውነተኛ እሳት ላሳያቸው ነው። ርእሰ መምህራችን ግን እሳትን ለሕፃን ማሳየት መገፋፋት ነው ብለው ይፈራሉ፤ ወላጆችም በሁለት ተከፍለዋል። ከእናንተ መሃል ይህን የሞከረ አለ? በአምስት ዓመት ምን ያህል ማሳየት ይቻላል? ክብሪቱንስ ማን ይጫር? ኅዳር 12 እየቀረበ ነው፤ በየመንገዱ ቆሻሻ ሲቃጠል ልጆች ዙሪያውን ይከባሉና ከዚያ በፊት አንድ ነገር ማድረግ እፈልጋለሁ። በክፍሌ የኦርቶዶክስ፣ የፕሮቴስታንትና የሙስሊም ቤተሰብ ልጆች ስላሉ ትምህርቱን ከደመራ ጋር ማያያዝ አልፈልግም።

የሁለት ልጆች እናት፦

መምህርት፣ ልጁን እግዚአብሔር ይማረው። ባለሙያ አይደለሁም፤ በቤቴ የሆነውን ብቻ ልንገርዎት።

ባለፈው ዓመት ቡና እያፈላሁ አንድ ፍም ከማንደጃው ቄጠማው ላይ ወደቀ። እንደ ልማዴ በሁለት ጣቴ አንሥቼ መለስኩት። እናቴም አያቴም እንዲሁ ሲያደርጉ ነው ያደግሁት፤ ጣቴ ላይ የሚቆየው ለቅጽበት ስለሆነ አይፈጀኝም። ከጥቂት ቀን በኋላ ሌላ ፍም ሲወድቅ የአራት ዓመት ልጄ ከእኔ ቀድማ አነሣችው። እኔን ለመርዳት ነበር። ነገር ግን እሷ በጣቷ ጫፍ አልያዘችውም፤ ጨበጠችው። ሲያቃጥላት ደግሞ እጇን በመክፈት ፈንታ የባሰ ጨመደደችው፤ ጣቶቿን አንድ በአንድ የፈለቀቅሁት እኔ ነኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ በቤታችን ፍም የሚነሣው በመቆንጠጫ ብቻ ነው፤ እንግዳም ቢመጣ መቆንጠጫውን እሰጠዋለሁ።

ስለዚህ ልጆቹን ከማስተማርዎ በፊት እኛን እናቶችንና የቤት ሠራተኞችን ቢጠሩን ደስ ይለኛል። እርስዎ በትምህርት ቤት በመቆንጠጫ ቢያሳዩአት፣ ማታ ቤት ስትገባ በጣት የሚያነሣ ሰው ካየች የምትከተለው የቤቱን ነው። ሌላው ሐሳቤ ስለ ክብሪት ነው፦ እባክዎ በአምስት ዓመት ልጅ እጅ ክብሪት አይስጡ። እሳት ይዩ፣ ይወቁ፤ መለኮስን ግን አይማሩ። መብራት በሚጠፋበት ሌሊት የተማሩትን የት እንደሚሞክሩት አናውቅም። የእኛ ከተማ ልጆች አጎበር ውስጥ ነው የሚተኙት፤ አጎበር ደግሞ ሻማ አንድ ጊዜ ከነካው ወዲያው ተያይዞ ቀልጦ ነው የሚወርደው።

ከታቦር ሥር፦

እኛን ማን አስተማረን? ያደግነው በምድጃ ዙሪያ ነው። እባብ ያየ በልጥ በረየ እንደሚባለው፣ ልጅ አንድ ጊዜ ትንሽ ሲፈጀው ራሱ ይጠነቀቃል። ነገሩን ትምህርት አድርጎ ማክበዱ አያስፈልግም ባይ ነኝ።

ነርስ ነኝ፦

«አንድ ጊዜ ሲፈጀው ይጠነቀቃል» ላሉት ወንድሜ በአክብሮት ልመልስ። ለዓመታት የተቃጠሉ ሕፃናትን ቁስል ሳጥብና ሳሽግ የኖርኩ ነርስ ነኝ። የሕፃን ቆዳ ከትልቅ ሰው ቆዳ የሳሳ ነው፤ እርስዎን ለጊዜው ብቻ የሚፈጅዎት ሙቀት የእሱን ቆዳ ዘልቆ ይገባል። 60 ዲግሪ ሴልሺየስ የሞቀ ውኃ የትልቅ ሰውን ቆዳ ክፉኛ ለማቃጠል 5 ሰከንድ ያህል ይበቃዋል፣ ለሕፃን ደግሞ ከዚያም ያነሰ። በጣት፣ በክርን ወይም በአንገት ላይ የደረሰ ቃጠሎ ሲሽር ቆዳው ይኮማተራል። ልጁ ሲያድግ ጠባሳው አብሮት አያድግም፤ ጣቱ አልዘረጋ ይላል፣ ዳግመኛ ቀዶ ጥገና ያስፈልገዋል። «ትንሽ ሲፈጀው» የሚባለውን ትንሽ የሚመጥንልን የለም። የእናትየዋ ልጅ ፍሙን ጨብጣ መክፈት ያቃታትም ለዚህ ምስክር ነው፤ ሕፃን ሲደነግጥ እጁን በመክፈት ፈንታ ሊጨብጥ ይችላል።

ለመምህርት ደግሞ የማሳስበው ነገር አለኝ። ከአምስት ዓመት በታች ሆነው ተቃጥለው የሚመጡልን ልጆች አብዛኞቹ ነበልባል የነካቸው አይደሉም፤ ትኩስ ፈሳሽ የፈሰሰባቸው ናቸው። ሻይ፣ ወጥ፣ ለገላ የተሞቀ ውኃ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ጀበና። የጀበና ቂጥ ድቡልቡል ስለሆነ ማቶቱ ላይ በደንብ ካልተቀመጠ በትንሽ ንክኪ ይገለበጣል፤ ረከቦቱ ደግሞ በሕፃን ደረት ልክ ነው። ስለዚህ እሳትን ሲያስተምሩ «ትኩስ» የሚለውን ቃል አብረው ያስተምሩልን። ነበልባል የሌለው፣ ቀለሙም ያልተለወጠ፣ ግን የሚያቃጥል ነገር መኖሩን አንድ ልጅ ካወቀ፣ የእርስዎ ተማሪ የገባበትን አመድም ለመጠርጠር ይቀርባል።

አደጋ ከደረሰ ደግሞ የመጀመሪያው መድኃኒት ውኃ ነው። የተቃጠለውን ቦታ ቀዝቀዝ ባለና በሚፈስ ውኃ ሥር ለ20 ደቂቃ ያህል መያዝ ያስፈልጋል። ወዲያውኑ ቢሆን ይመረጣል፤ ቢዘገይም ከቃጠሎው በኋላ እስከ 3 ሰዓት ድረስ ይጠቅማል። ቦታው ሳያብጥ በፊት አምባርና ቀለበት ይወልቅ፣ ልብሱም ይነሣ፤ ከቆዳው ጋር የተጣበቀ ልብስ ግን አይጎተት። የተቃጠለው ቦታ ሲቀዘቅዝ የቀረው ሰውነት እንዳይበርደው በጋቢ ይሸፈን። ከዚያ ቁስሉን በንጹሕ ደረቅ ጨርቅ ሸፍኖ ወደ ጤና ተቋም መውሰድ ነው፤ በተለይ ፊት፣ እጅ፣ እግር ወይም ብልት ከሆነ፣ ወይም ከልጁ መዳፍ የሚሰፋ ከሆነ። የጥርስ ሳሙና፣ ሊጥ፣ እንቁላል፣ ቅቤ፣ በረዶ አይደረግበት። ቁስሉን ለማየት የጥርስ ሳሙናውን መፋቅ ሲኖርብን ልጁ ዳግመኛ የሚሠቃየውን ሥቃይ የቀባው ወላጅ ቢያየው ኖሮ አይቀባም ነበር።

ስለ ኅዳር 12 ያነሡት ትክክል ነው። ከሚቃጠለው ቆሻሻ ውስጥ የሽቶና የትንኝ መርጫ ቆርቆሮ፣ የባትሪ ድንጋይና ላይተር አይጠፋም፤ እነዚህ ሲሞቁ ይፈነዳሉ፣ ልጆች ደግሞ ፍንዳታውን ለመስማት ብለው ይጠጋሉ። ልጆቹን ከማስተማር በተጨማሪ ቆሻሻው ከመለኮሱ በፊት ትልቅ ሰው እነዚህን ለቅሞ ማውጣት አለበት።

የአፀደ ሕፃናት ኃላፊ፦

እህቴ፣ እኔ በዚሁ በሐዋሳ አነስተኛ አፀደ ሕፃናት እመራለሁ። ላለፉት ስድስት ዓመታት በየዓመቱ ለኬጂ 2 እና ለኬጂ 3 ልጆች በግቢያችን እሳት አንድደናል። አንድም ልጅ አልተጎዳብንም፤ ይህ የሆነው ግን ብዙውን ጊዜ ያጠፋነው ያለ እሳት በመለማመድ ስለሆነ ከዚያው ልጀምርልዎት።

የመጀመሪያዎቹን ሦስት ሳምንታት ምንም ነገር አናቀጣጥልም። በግቢው መሃል ያልተቀጣጠለ ማንደጃ እናስቀምጥና ከእሱ አንድ ሜትር ተኩል ርቀት ላይ በጠመኔ ክብ እንሠራለን፤ ልጆቹ በርጩማቸውን ይዘው በክቡ ላይ ይቀመጣሉ። ቦታ መለወጥ የሚፈልግ ልጅ ከበርጩማው ጀርባ ዞሮ ይሄዳል እንጂ በክቡ ውስጥ አያቋርጥም። ወደ ማንደጃው የሚቀርበው ስሙ የተጠራው ልጅ ብቻ ነው፤ ሲቀርብም አንዱን ጉልበቱን መሬት አሳርፎ፣ ሌላውን አቁሞ ይንበረከካል። ይህን አቀማመጥ የወሰድነው ከአውሮፓ የጫካ ትምህርት ቤቶች ነው። በ1993 እ.ኤ.አ. የእንግሊዙ ብሪጅወተር ኮሌጅ የሕፃናት አስተማሪዎች ዴንማርክ ሄደው ልጆች ከቤት ውጭ እንዴት እንደሚማሩ አይተው ተመለሱና ነገሩን በአገራቸው ጀመሩ፤ እሳት በጥንቃቄ ማንደድ የትምህርቱ አንድ ክፍል ነው። ቁጢጥ ብሎ የተቀመጠ ልጅ ሚዛኑን ሲስት ወደ ፊት፣ ወደ እሳቱ ይወድቃል፤ በአንድ ጉልበቱ የተንበረከከ ግን በቆመው እግሩ ገፍቶ ወደ ኋላ ይሸሻል። እኛ በጨዋታ መልክ ደጋግመን አለማመድናቸው፤ አሁን ሳይታዘዙ ያደርጉታል።

ከዚያ ሻማ ይመጣል። ሰፊ ሳህን አሸዋ ሞልተን ሻማውን መሃል እንተክለዋለን፤ መምህሯ ትለኩሰውና መስታወት ብርጭቆ ትደፋበታለች። ነበልባሉ ቀስ በቀስ አንሶ ሲጠፋ ልጆቹ ምክንያቱን ይገምታሉ። «ደክሞት ነው» ይላሉ፣ «ጨለመበት» ይላሉ። ሦስት አራት ጊዜ ሲደጋገም እሳትም አየር እንደሚፈልግ ራሳቸው ይደርሱበታል፤ ድስት ውስጥ ዘይት ሲቀጣጠል ክዳን የሚደፋበት ለምን እንደሆነ ያን ጊዜ ይገባቸዋል።

ማንደጃው የሚቀጣጠለው በአራተኛው ሳምንት ነው። ከስምንት ልጅ በላይ በአንድ ጊዜ አላስቀምጥም፤ ሁለት ትልልቅ ሰዎች ይኖራሉ፣ አንዷ ከእሳቱ አትንቀሳቀስም፣ ሌላዋ ልጆቹን ትጠብቃለች። 32 ልጆች ካሉዎት በአራት ቀን ይክፈሉት። ጊዜው ጠዋት ይሁን፤ ከቀትር በኋላ ከሐይቁ በኩል የሚነሣው ነፋስ ፍንጣሪ ይበትናል። ሹሩባ ያላቸው ፀጉራቸው ወደ ኋላ ይታሰር፣ ነጠላና ሻርፕ ይውለቅ፣ ናይለን ጃኬት የለበሰ ልጅ ጃኬቱን አውልቆ ይምጣ፤ ናይለን ሲቃጠል ቀልጦ ቆዳ ላይ ይጣበቃል። እንጨት ማንደድ ከፈለጉ ደረቅ የሆነውንና ምንነቱን የሚያውቁትን ብቻ ይጠቀሙ። በተለይ የአጥር ቅንጭብ ወደ እሳቱ እንዳይገባ፤ ወተቱ ዓይን ያጠፋል። እሳቱ ሥራ እንዲኖረው ፈንዲሻ እናፈነዳለን። ድስቱ ውስጥ የመጀመሪያዋ በቆሎ ጠብ ስትል ሁሉም ጸጥ ይላሉ፤ ከዚያ በኋላ እሳቱን የሚያዩት ሥራ እንደሚሠራ ነገር ነው።

አሁን ወደ ተማሪዎ ጉዳይ ልምጣ። እኔ ከሁሉ አብልጬ ጊዜ የምሰጠው ለማጥፋቱ ነው። ፈንዲሻው ከተበላ በኋላ ፍሙን በአመድ እሸፍነዋለሁ። ማንደጃው ሙሉ በሙሉ ግራጫ ይሆናል። «ጠፍቷል?» ብዬ እጠይቃለሁ። ሁልጊዜ ሁሉም «ጠፍቷል!» ይላሉ። አንድ ልጅ እጠራና አንድ ደረቅ የሣር አገዳ በረዥም መቆንጠጫ ይዤ ወደ አመዱ አስገባለሁ። መጀመሪያ ቀጭን ጭስ ይወጣል፣ ከዚያ የአገዳው ጫፍ ይጠቁራል፣ ከዚያ ብርት ይላል። ልጆቹ የሚያሰሙትን ድምፅ መግለጽ አልችልም። አንዲት ልጅ «ተደብቆ ነበር» አለች፤ እኛም ከዚያ ወዲህ «ድብቁ እሳት» እንለዋለን። በመጨረሻ ውኃ እናፈስበታለን፤ ይጮኻል፣ እንፋሎት ይወጣል፣ እንበጠብጠዋለን፣ ዳግመኛ እናፈስበታለን። ድምፁ ሲያቆም መምህሯ የእጇን ጀርባ ከላዩ ከፍ አድርጋ ሙቀቱን ታያለች፤ የሞቀ ከሆነ እንደገና ውኃ። አሸዋ አልብሶ መተው ግን ክልክል ነው፤ አሸዋ እሳቱን ያጠፋ ይመስላል እንጂ ሙቀቱን ለረዥም ሰዓት ይዞ ይደብቀዋል፣ የሚረግጠውም ልጅ ነው።

በክብሪት ጉዳይ ከእናትየዋ ትንሽ እለያለሁ። በኬጂ 3 መጨረሻ፣ ስድስት ዓመት የሞላቸው ልጆች፣ አንድ በአንድ ከመምህሯ ጋር ሆነው፣ ውኃ በተሞላ ሳህን ላይ አንድ እንጨት ክብሪት ጭረው ወደ ውኃው እንዲጥሉ አድርጌ አውቃለሁ። የተከለከለ ነገር ምሥጢር ይሆናል፤ ምሥጢር የሆነ ነገር ደግሞ አልጋ ሥር ይሞከራል።

ጡረተኛው መምህር፦

ልጄ መምህርት፣ የጻፍሽውን ሳነብ የራሴ ልጅነት መጣብኝ። ያደግሁት በሲዳማ ገጠር ነው፤ ምድጃው በቤቱ ውስጥ ነበር፣ እሳቱም ዓመቱን ሙሉ አይጠፋም። ማታ በአመድ ይዳፈናል፣ ጠዋት አመዱ ገለጥ ተደርጎ ይጫራል። የኛ ከጠፋ ክብሪት ስለማይገኝ ጎረቤት ሄደን እሳት እንጭር ነበር። በገል ላይ አመድ ይነጠፋል፣ ፍሙ በአመዱ ላይ ይቀመጣል፣ ሌላ አመድ ይለብሳል፤ እንዲህ ተይዞ ነፋስ ሳያነሣው ቤት ይደርሳል። እኔ ይህ ሥራ የተሰጠኝ ሰባት ዓመት ገደማ ሲሆነኝ ነው። ከዚያ በፊት ለብዙ ወራት እናቴ ገሉን ይዛ ትሄዳለች፣ እኔ ባዶ ገል ይዤ ከኋላዋ እከተላለሁ። የኃላፊዋን ያልተቀጣጠለ ማንደጃ ሳነብ ያ ባዶ ገል ትዝ አለኝ።

የእኛ ዘመን ልጆች አመድ ሥር እሳት እንዳለ የሚያስረዳቸው ሰው አያስፈልጋቸውም ነበር፤ በየማታው ሲዳፈን ያዩታል። የዛሬ የከተማ ልጅ ግን ኤሌክትሪክ ምድጃ ሲጠፋ አይቶ ነው የሚያድግ፤ እሱ የሚያውቀው ማብራትና ማጥፋትን ነው። ተማሪሽ «ጠፍቶ ነበር» ያለው ለዚህ ይመስለኛል። ቋንቋችን ግን እሳትን በአንድ ስም ብቻ አይጠራውም። ነበልባል አለ፣ ፍም አለ፣ ረመጥ አለ፣ አመድ አለ። አራቱን ቃላት አራት ሥዕል አድርገሽ በዚያ በአንዱ ሥዕል ፈንታ ብትለጥፊያቸው መልካም ነው። በቤታቸው ሲዳምኛ የሚናገሩ ልጆች ካሉሽ እሳትን «ጊራ» ብለው ነው የሚያውቁት፤ ቃሉን ከእነሱ ተቀብለሽ አስተምሪ፣ በሁለት ቋንቋ የሰማ ልጅ ነገሩን አይረሳም።

በምድጃ ዙሪያ አድገናል ላሉት ወንድም ደግሞ አንድ ነገር ልበል። እውነት ነው፣ አድገናል። ነገር ግን ከእኔ ጋር ካደጉት መሃል ፊታቸው ላይ፣ እጃቸው ላይ ጠባሳ ያለባቸውን ሰዎች ዛሬም በስም ልቆጥራቸው እችላለሁ፤ ሁለቱ ደግሞ አላደጉም። የዚያን ጊዜ ኑሮ ያስተማረን ቢኖርም ያስከፈለንንም እናስታውስ።

የኅዳር 12ን ነገር ልጆቹ ከየት እንደመጣ ቢያውቁት አይከፋም። በ1911 ዓ.ም. በኅዳር ወር ብዙ ሕዝብ የፈጀው የኅዳር በሽታ በገባ ጊዜ አየሩን ያጠራል ተብሎ ቆሻሻ መቃጠል ጀመረ፤ ልማዱ ከዚያ የቀረ ነው። ያን ጊዜ የሚቃጠለው ግን ገለባና ጭራሮ ነበር። ሲስተር እንዳሉት ቆርቆሮና ባትሪ ባልነበረበት ዘመን የተጀመረን ነገር ዛሬ እንደዚያው መቀጠል አይገባም።

የሁለት ልጆች እናት፦

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልን። ለኃላፊዋም አንድ ጥያቄ አለኝ። ክብሪት መጫሩን የተማረው የስድስት ዓመት ልጅ ቤት ውስጥ የአራት ዓመት ታናሽ ቢኖረውስ? እርስዎ ያስተማሩት ታላቁን ነው፤ ክብሪቱን የሚያየው ግን ታናሹም ነው። ምሥጢር መሆኑ እንደማይጠቅም ይገባኛል፤ ሆኖም ከምሥጢርና ከመፍቀድ መሃል ሌላ መንገድ ያለ ይመስለኛል።

የአፀደ ሕፃናት ኃላፊ፦

እህቴ፣ ያሉት እውነት ነው፤ ስለ ታናናሾቹ በዚህ መልክ አስቤው አላውቅም ነበር። ያንን ልምምድ የማደርገው ወላጅ በጽሑፍ ሲስማማ ብቻ ነው፣ ከእንግዲህ ግን ቤት ውስጥ ታናሽ እንዳለም እጠይቃለሁ። ለመምህርት ክፍል፣ ለአምስት ዓመት ልጆች፣ ክብሪቱ በመምህሯ ኪስ እንዲሆን እኔም እስማማለሁ። በዚህ ዕድሜ የሚበቃቸው አንድ ልምምድ አለ፦ ባዶ የክብሪት ቀፎ ግቢው ውስጥ እጥልና ያየው ልጅ ሳይነካው መጥቶ እንዲነግረኝ አደርጋለሁ። የነገረኝን ልጅ በሁሉም ፊት አመሰግነዋለሁ። አሁን ወላጆች «ላይተር ሶፋ ላይ ረስቼ ልጄ መጥታ ነገረችኝ» እያሉ ይደውሉልኛል።

መምህርት ዘሐዋሳ፦

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ጋሼ፣ አራቱን ሥዕሎች ረዳቴ እየሣለቻቸው ነው፤ ረመጡን እንዴት እንደምንሥለው ግን ብዙ አስቸግሮናል፤ በመጨረሻ አመዱን በወረቀት ክዳን ሠርተን፣ ልጁ ሲገልጠው ከሥሩ ቀዩ እንዲታይ አደረግነው።

ርእሰ መምህራችን ይህን ሁሉ አንብበው ሻማውንና ማንደጃውን ፈቅደዋል። እንጨት ማንደዱን ለጊዜው አልፈቀዱም፤ እኔም አልተከራከርኩም፣ የሚያስፈልገኝ ማንደጃው ነው። ለወላጆች ደብዳቤ ተልኳል፤ ስለ መቆንጠጫውም ስለ አጎበሩም ጽፌበታለሁ። ያለ እሳቱ ልምምድ ከሁለት ሳምንት በፊት ተጀምሯል፤ ማንደጃው በመጪው ሐሙስ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ስምንት ልጆች ባሉበት ይቀጣጠላል። አንዲት ሴት ልጅ በአንድ ጉልበቷ መንበርከኩን ቤቷ ወስዳ አያቷን ካላንበረከክሁ ብላለች ብለው ነግረውኛል።

ሁለት ነገር ላስቸግራችሁ። ሲስተር፣ ቢመችዎት ሐሙስ አጠገባችን ቢሆኑልን ደስ ይለን ነበር። ሌላው ደግሞ ስለተቃጠለው ልጅ ነው። እግሩ ድኗል፤ ነገር ግን ባዶውን ማንደጃ ባየ ቁጥር በርጩማውን ወደ ኋላ ይስባል። እንዲገኝ ላድርገው ወይስ በዚያ ቀን ከሌላ ክፍል ጋር ይቆይ?

ነርስ ነኝ፦

ሐሙስ ጠዋት ከአዳር ስለምወጣ በቀጥታ ወደ እናንተ እመጣለሁ፤ የትምህርት ቤቱን ቦታ በግል መልእክት ይላኩልኝ።

ልጁን ከሌላ ክፍል ጋር አይላኩት፤ ጓደኞቹ ያዩትን እሱ ብቻ ሳያይ ከቀረ ጥፋተኛ የሆነ ይመስለዋል። ግን በመጀመሪያው ቡድን አይሁን። በመጨረሻው ቀን፣ እናቱን አስፈቅደው፣ በርጩማውን ከክቡ ውጭ የፈለገው ቦታ ያስቀምጥ፤ ሊሄድ ሲፈልግ የሚሄድበት መንገድ ክፍት ይሁን። «ጠፍቷል?» ብለው ሲጠይቁ እሱን አይጥሩት፤ ራሱ ከተናገረ ይናገር።

ውኃውን በተመለከተ ቧንቧ አለ ብላችሁ አትተማመኑ፤ እናንተ ባላችሁበት ሰዓት ሊቋረጥ ይችላል። 20 ደቂቃ ውኃ በቀጭኑ ለማፍሰስ፣ በደቂቃ ሁለት ሊትር ብናስብ፣ 40 ሊትር ያስፈልጋል። ሁለት ባለ 20 ሊትር ጀሪካኖች ረቡዕ ማታ ሞልታችሁ ጥላ ሥር አስቀምጡ፤ እሳቱን ለማጥፋት ከሚሆነው ባልዲ የተለዩ ይሁኑ፣ ማንም ለእጅ መታጠቢያ እንዳይቀዳባቸው ላያቸው ላይ በጠመኔ ጻፉባቸው።